የዓባይ በረሃ የሞተር ጉዞ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ የሞተር ጉዞ ማስታወቂያ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይጎርፋል። አሁን በብዛት የሚዞረው «ከፒያሳ ተነስተን የዓባይን ድልድይ በሞተር አይተን እንመለስ» የሚለው ነው። ሞተር፣ ነዳጅ፣ ሄልሜት፣ ምሳ፣ በዚያ ላይ የድሮን ቪዲዮ፤ ሁሉም በአንድ ዋጋ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከእነዚህ በአንዱ ተመዝግበን ነበር። ጉዞው ተበላሸ፣ ቀብዳችንም እስካሁን አልተመለሰም። አቤቱታ ላይ ስለሆንን የአዘጋጁን ስም አልጽፍም። ግን እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም። ሌላ ሰው ገንዘቡ እንዳይበላ፣ ከዚያም በላይ ሕይወቱን እንዳያጣ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፎቶውን ተመልከቱ። እኛ ባየነው ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈው በ2016 ዓ.ም የተመረቀው የባሕር ዳሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር ይረዝማል፣ ሰፊ ነው፣ በእርግጥም ያምራል። ግን ያለው ባሕር ዳር ነው፤ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ደርሶ መልስ በአንድ ቀን» ተብሎ የሚሸጠው ጉዞ የሚሄደው ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ነው። እዚያ ያለው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተሠራው ህዳሴ ድልድይ ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተገንብቶ በ2000 ዓ.ም መጨረሻ ተመረቀ፤ ርዝመቱ 303 ሜትር። ከአሮጌው ድልድይ ጎን በኬብል ተወጥሮ ቆሞ፣ ግራና ቀኙ ገደል ሆኖ ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። የሌላ ድልድይ ፎቶ መዋስ አያስፈልገውም ነበር። የትኛው ድልድይ እንደሆነ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ያው ዓባይ ነው» የሚል ነው።

ድሮኑም እንደዚያው ነው። ድልድዩ በፖሊስ ይጠበቃል፤ ቆሞ ፎቶ ማንሳት እንኳ አይፈቀድም። ድሮን ለማብረር ደግሞ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን እንዲያሳየን ጠየቅን። ምንም አላሳየንም። ድልድዩ ላይ ችግር ቢፈጠር ስልኩን የሚያስረክበውና ቃል የሚሰጠው ተጓዡ ነው፤ ማስታወቂያውን የለጠፈው ሰው ፒያሳ ቁጭ ብሏል።

እኔን በጣም ያናደደኝ ግን ሞተሩ ነው። የተባልነው 250 ሲሲ፣ ለረጅም መንገድ የሚሆን ነበር። ጠዋት ፒያሳ ስንደርስ የጠበቁን ከተማ ውስጥ ዕቃ ሲያመላልሱ የከረሙ ትንንሽ ሞተሮች ናቸው። የአንዱ የኋላ ጎማ መላጣ ሆኗል። የሌላው ፍሬን እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነው የሚይዘው።

ይህ ለምን ዝም እንደማይባል በረሃውን የወረደ ሰው ያውቃል። ጎሐ ጽዮን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ድልድዩ ከ1,000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህ ሁሉ ቁልቁለት የሚያልቀው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ነው። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው መሀል ላይ ፍሬኑ ይግልበትና አልይዝ ይለዋል፤ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ነው የሚወረደው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ተጣሟል፣ ተቆልሏል። ከፊትም ከኋላም የተጫነ ተሳቢ አለ። ላይ በብርድ ተንቀጥቅጣችሁ ታች ስትደርሱ ሙቀቱ ያቃጥላችኋል። እዚህ መንገድ ላይ በመላጣ ጎማ ሰው መላክ ወንጀል ነው እላለሁ።

ሊብሬ ስንጠይቅ በግል ተሽከርካሪነት የተመዘገበና የሌላ ሰው ስም ያለበት ወረቀት መጣ፤ ለኪራይ የተፈቀደ አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ክረምት ሞተር ሳይክሎችን ካገደች ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር ማንቀሳቀስ እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ሱሉልታን ሳናይ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ትራፊክ ቢያስቆመን ጉዞው እዚያው ያበቃ ነበር። «ኢንሹራንስ አለው» የተባለውም ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። ሦስተኛ ወገን የሚክሰው እናንተ የጎዳችሁትን ሰው ነው። እናንተ ብትወድቁ የእናንተን እግር አያሳክምም፤ የተሰበረውን ሞተርም አያሠራም። ለሞተሩ መያዣ ብለው ፓስፖርት የጠየቁንም ለዚህ ይመስለኛል። አትስጡ። ስትመለሱ «ጭረት አለው» ተብሎ ፓስፖርታችሁ ቢያዝ ምን ታደርጋላችሁ?

አንሄድም አልን። «ቀብድ አይመለስም» ተባልን። እባካችሁ ይህችን በደንብ ያዟት፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል ይላል። ቀብድ የተቀበለው ሲያፈርስ ግን አጠፌታውን ይመልሳል፤ 5,000 ከተቀበለ 10,000 ማለት ነው። 250 ሲሲ ብሎ ተዋውሎ ሌላ ሞተር ያቀረበው፣ ውሉን ያፈረሰው እሱ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ደረሰኝ የመቀበል መብትም ይሰጣል። ይህን ስንነግረው ድምፁ ተቀየረ። ግማሹን ልመልስ አለ። አልተቀበልንም።

እንግዲህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሄዳችሁ ሞተሩን በዓይናችሁ እዩ፣ አስነስታችሁ ንዱት። ሊብሬውን፣ ቦሎውን፣ የከተማውን ፈቃድ ጠይቁ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ የሌላችሁን «የመኪና ይበቃል» ካሏችሁ ውሸት ነው። ነዳጅ በዋጋው ውስጥ ነው ከተባለ ከየት እንደሚቀዳ ይንገሯችሁ፤ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። በዚህ መስመር ላይ በቅርብ ዓመታት መንገደኞች ታግተዋል። አዘጋጁ ስለዚህ አንድ ቃል ካልተነፈሰ እዚያው ተዉት፤ የሰሞኑን ሁኔታ በየጊዜው ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ። ክፍያውን በግለሰብ ቴሌብር ሳይሆን የንግድ ፈቃድ ባለው ስም ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «ቀብድ» ብላችሁ ጻፉ። የሞተሩን ዓይነትና ሲሲ በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ።

ቀብድ ከፍላችሁ የተጉላላችሁ ካላችሁም ማስታወቂያውን ሳያጠፉት ስክሪንሹት አንሱ፣ የቴሌብር መልእክቱን አትሰርዙ፤ ቻቱንም አትሙና ለከተማው ንግድ ቢሮ አቤት በሉ። እኛም ይዘን የቀረብነው ይህንኑ ነው።