ችግኝ አልሸጥላችሁም ላሉን ሰው

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከቅሬያችን (ከመንደራችን የቀብር እድር) የተወከልን ሦስት ሰዎች ገንዘብ ቋጥረን ደሴ ዳርቻ ላይ ችግኝ ወደሚያፈሉ አንድ አዛውንት ሄድን። ሁለት መቶ ባህር ዛፍ እንዲሸጡልን ጠየቅናቸው። የት እንደምንተክለው ጠየቁን። ከመንደራችን ጀርባ ያለው ቦረቦር አፋፍ ላይ አልን። «ከታቹ ውሃ የለም?» አሉ። እናቶች ልብስ የሚያጥቡባት ትንሽ ምንጭ አለች አልናቸው። «እንግዲያው አልሸጥላችሁም» አሉና ወደ ችግኛቸው ዞሩ።

እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር። ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው እንዲህ ይመለሳል?

ቦረቦሩን ለማታውቁት፦ መንደራችን ከጦሳ ግርጌ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አፋፉን እየናደ፣ እኛ የጣልነውንም ፌስታልና ጫማ ሰብስቦ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወስዳል፤ ቦርከና ደግሞ ይዞት ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ልጆች የሚጫወቱባት ሜዳ በየዓመቱ እየጠበበች ሄዳ አንድ ክረምት ላይ ኳሳቸው ገደል መግባት የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ጎረቤቱ ተጠራርቶ ወደ መቶ የሚጠጋ ችግኝ ተክሎ ነበር፤ ፎቶም ተነሥተናል። በጥር ወር ስናየው የቆመ አልነበረም። በጋውን ረገምን፣ ፍየሎቹን ረገምን።

እኒያ አዛውንት (እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ስሜን በአደባባይ እንዳትጽፉ ስላሉ በዚሁ ይቅር) በሳምንቱ ራሳቸው በእግራቸው መጡ። ቦታውን ዞረው አዩ፤ ከዚያ ከደረቁት ችግኞች አንዱን ነቅለው አሳዩን። የፈላበት ፕላስቲክ አልወጣለትም። ሥሩ መውጫ አጥቶ በውስጡ እንደ ገመድ ተጠቅልሏል። «ቅሬ ስለሆናችሁ መሰለኝ» አሉ፣ «ትከሉ ቢሏችሁ ቀበራችሁት፤ ያውም ከነከፈኑ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ፕላስቲክ ሳያወጣ የሚተክል ሰው ቢገኝ ይህ ቀልድ አይለቀውም።

ባህር ዛፉን የከለከሉን ጠልተውት አይደለም። «ቤቴ የቆመው በእሱ ነው» ይላሉ። ነገር ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አያበቅልም፤ ሣር የሌለው አፈር ደግሞ ለጎርፍ የተጋለጠ ነው። በምትኩ አፋፉ ላይ ወይራ፣ ጥድና ኮሶ መረጡልን፣ ጎርፉ በሚሄድበት መስመር ደግሞ ቬቲቨር ሣር። ችግኙን ግን ያኔም አልሰጡንም። መጀመሪያ ጉድጓዱን ቆፍራችሁ አሳዩኝ አሉ፦ አርባ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ፤ ሲሞላ የላይኛው ከፍግ ጋር ተደባልቆ ወደ ሥሩ ይገባል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ሲያረሰርሰው ሰማንያ ችግኝ ይዘው መጡ። እኛ የጠየቅነው ሁለት መቶ ነበር። «ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስንት ነው?» ብለው ቆጥረው ነው ሰማንያ ያሉት።

ጎረቤቶቼንም ሳላነሣ አላልፍም። የሥራ ቀን ለመምረጥ ብቻ ሁለት ስብሰባ ፈጅተናል። ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቅዳሜ ሲባል አንዲት እናት «ቅዳሜም እኮ ሰንበት ናት» አሉ። በመጨረሻ ቁፋሮው ሐሙስ ማታ ማታ ሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ውሃ ማጠጣት ብቻ። በጋውን እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ችግኝ ተረክቦ እህልና አትክልት የታጠበበትን ውሃ በጀሪካን ያወርዳል፤ ሳሙና የነካው አይፈቀድም። ውሃው ካለቀ በኋላ አቦል ይቀርባል፤ ሀጂ ዱዓ ያደርጋሉ፣ መሪጌታ ይመርቃሉ፣ ሁላችንም አሚንም አሜንም እንላለን። ከቡናው ቀርቶ የማያውቅ፣ ከጀሪካኑ ግን ሁልጊዜ የሚቀር አንድ ጎረቤት አለን፤ ራሱን ያውቃል።

ኅዳር ላይ ውርጭ ሲጀምር ጋሼ ሳይጠሩ መጡ። ለጋዎቹን በሣር እንድንሸፍን፣ በየሥሩም ጉዝጓዝ እንድናደርግ አሳዩን፤ የደረቁትንም ያለ ክፍያ ተኩልን። ብር ብንዘረጋላቸው «ሻይ ጠጡበት» ብለው መለሱት። ዛሬ ጠዋት ቆጥሬ ስልሳ አንዱ ቆሟል። የጠፉት በእኛው ስንፍና ነው፤ አንድ ሳምንት ሳናጥር በተውነው በኩል ገብታ የአንዱ ጎረቤት ፍየል ዘጠኝ ወይራ ጨርሳለች።

ነቀፋም አለኝ። ጋሼ ቁጡ ናቸው፤ ስልክ ጠዋት ጠዋት አያነሡም፤ ነገ አመጣለሁ ያሉት በሦስተኛው ቀን ነው የሚመጣው። የሚያማምር አበባ ለግቢ ማስዋቢያ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ብትፈልጉ ይሻላል። ነገር ግን የትምህርት ቤት፣ የመስጊድ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመንደር ባዶ ቦታ ይዛችሁ ምን እንትከል የምትሉ ሁሉ እሳቸውን ጠይቁ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት ሂዱ፤ ከቦታው አንድ እፍኝ አፈር በከረጢት ያዙ፣ አሽተውና ፈትተው ያዩታል። ውሃ የሚያጠጡ ሰዎችንም ቁጥር በትክክል ንገሯቸው፤ አጋንናችሁ ከተናገራችሁ ያውቃሉ።

የፊታችን ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እኛ ቦረቦሩ ጋ ነን። ሁለት ጀሪካን ቀዳዳ አውጥተውብናል፤ ትርፍ ያለው ይዞ ይምጣ።