ቴስታታውን ማሠራት ወይስ ሌላ መግዛት?

ጭነት የያዘ መኪና ተሳቢ እየጎተተ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ ከደከመ፣ ሹፌር መጀመሪያ የሚረግመው የናፍጣ ፓምፑን ነው። እኔም ረግሜዋለሁ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሞተሩ ተከፈተ። መካኒኩ ቴስታታውን፣ ማለትም የአየርና የጭስ በሮቹ (ቫልቮቹ) ያሉበትን የሞተሩን ክዳን፣ በጎኑ አቁሞ በአየር መግቢያው ቤንዚን አፈሰሰ። ሁለት ቫልቮች ዙሪያቸውን ቤንዚኑን አላቡ፤ በደንብ አይዘጉም ማለት ነው። «ጉልበትህ የሚያመልጠው በዚህ ነው» አለኝ።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ማሠራት ነው፦ ቫልቭና መቀመጫው ይሞረዳል፣ የቫልቭ ጋይድ (ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ይቀየራል፣ ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ፊቱ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) ይስተካከላል። ዋጋው ይቀላል፣ የቴስታታውንም ታሪክ ታውቀዋለህ። ግን ፊቱ በጣም ከተላጠ በናፍጣ ሞተር ቫልቩ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ልኩ ሳይለካ አይላጥም። ስንጥቅ ካለው ደግሞ ባይለፋበት ይሻላል።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ፣ ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ማስመጣት ነው። ፈጣን ነው። ግን የወጣበት ሞተር ከልክ በላይ ግሎ እንደነበር ማን ይነግርሃል? ያልተነካ አዲስ ቴስታታም ጥሩ ነው፣ ኪስ ከቻለ።

እኔ አሠራሁት። በግፊት ውኃ ተፈትሾ ስንጥቅ ስላልተገኘበት ነው። በቴስታታውና በሞተሩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑም፣ በአዲስ ተተካ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ማሠራቱም መግዛቱም የጠፋውን እመቃ (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ኃይል) ይመልሳሉ እንጂ ሞተሩ ያልነበረውን ጉልበት አይሰጡትም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ዳገቱን አሁንም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወጣው፣ ጭሱ ግን ቀንሷል።