ሪፍት ቫሊ ካበርኔ፦ የ2014ቱ ወይስ የ2018ቱ?

«ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» ይባላል። ሁሉም ወይን ግን አይደለም። ዝዋይ ላይ በሚመረተው ሪፍት ቫሊ በሚባለው ወይን ጠርሙስ ላይ ፍሬው የተለቀመበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚጻፍ ነገሩን በምላስ ማጣራት ይቻላል። እኛም የ2014ንና የ2018ን ካበርኔ ሶቪኞን (ካበርኔ ከሚባለው የወይን ዝርያ የተሠራ ቀይ ወይን ነው) ጎን ለጎን ከፍተን ቀመስን።

የ2018ቱ ድፍን ያለ ጥቁር ቀይ ነው። ሲሸት መጀመሪያ የበሰለ ፕሪም፣ ቀጥሎ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፤ ይሄ የካበርኔ ጠባይ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። አፍ ላይ ኮስተር ይላል፣ ታኒኑም (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ወፍራም ሻይ እንደጠጣ ሰው ድድ ያደርቃል። እኔ በበኩሌ ይሄን ኮስታራነቱን እወደዋለሁ።

የ2014ቱ ሌላ ሰው ነው! ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል፣ ፍሬው ሳስቶ በምትኩ ዘቢብ፣ ትንባሆ፣ ትንሽም ቆዳ ቆዳ የሚል ነገር መጥቷል፣ ድድ ማድረቁም ቀርቶ እንዲሁ ተንሸራቶ ነው የሚወርደው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ላይ «አሸነፈ» አልኩ። ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ሽታው ጠፋ፣ የ2018ቱ ደግሞ ያኔ ገና እየተፍታታ ነበር። ብዙም አይገርምም፤ የሪፍት ቫሊ አምራች የሆነው ካስቴል ዝዋይ ላይ ወይን መትከል የጀመረው በ2007 አካባቢ ስለሆነ የ2014ቱ ፍሬ የተለቀመው ገና ልጅ ከሆነ ተክል ነው።

ደግሞ ይሄ አሮጌ ጠርሙስ እድለኛ ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ቤቱ፣ ብርሃን የማይገባው ቁም ሳጥን ውስጥ አጋድሞ ነው ያቆየው። የአዲስ አበባ ብርድ ለወይን ይመቻል፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ቢሆን ያለ ማቀዝቀዣ እንዲህ አይቆይም ነበር። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ሌላ አሮጌ ወይን ግን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ቆሞ የከረመ ነበር፤ ቡሹ ደርቆ ተፈረካከሰ፣ ወይኑ ኮምጣጤ ሆኗል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ አሮጌ ዓመት ስላያችሁ ብቻ ዘላችሁ አትግዙ፣ መጀመሪያ አቀማመጡን እዩ።

ከምግብ ጋር? የ2018ቱ ከቅባታማ የበግ ጥብስ ጋር ልክ ነው። ቀን ከሞቀ ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም የሚሏችሁን አትስሟቸው። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አይሆንም፣ በርበሬው አልኮሉንም ታኒኑንም እሳት ያደርገዋል። የ2014ቱ ለአልጫ ወይም ለለብ ለብ ክትፎ ነው፣ ያውም ሚጥሚጣው ቀነስ ብሎ።

ለኔ የ2018ቱ ይበልጣል። የ2014ቱ ቤታችሁ ካለ ለሠርግ ምናምን ብላችሁ አታቆዩት፣ ዘንድሮ ክፈቱት። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ ታች አተላ አለው፣ ስትቀዱም ቀስ በሉ።