አዳማ ላይ «የኒውትሮን ሶፍትዌር» የሚሏችሁን እንዳትገዙ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቢሆንም ዛሬውኑ ልጻፈው፣ ሌላ የማስተርስ ተማሪ እዚያ ቤት ገብቶ እንዳይበላ።

የቤቱን ዓይነት ታውቁታላችሁ። «ቴሲስ እንሠራለን፣ ኤስፒኤስኤስ እንጭናለን፣ ፕሪንት አለ» የሚል ባነር የሰቀሉት ናቸው። የሂሊየም-3 ዲቴክተር (በሂሊየም-3 ጋዝ የተሞላ የኒውትሮን መቁጠሪያ ቱቦ) ዳታ የሚተነትን ሶፍትዌር አለን፣ ኦሪጅናል ነው አሉኝ። 6500 ብር ከፈልኩ።

ልጁ ላፕቶፔ ላይ ጫነና የመጀመሪያውን ፋይል ከፈተ። የሚያምር ግራፍ ወጣ። 764 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጫፉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሂሊየም-3 ኒውትሮን ሲውጥ የሚለቀቀው ጉልበት ይኸው ነው። በግራ በኩል 191 እና 573 ላይ ያሉት ደረጃዎችም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እነዚህ ደረጃዎች ኒውትሮኑ ሲዋጥ የሚወጡት ቅንጣቶች የቱቦውን ግድግዳ ሲመቱ ጉልበታቸው ከፊሉ እዚያ ስለሚቀር የሚመጡ ናቸው። ደስ አለኝ።

ከዚያ ሁለተኛውን ክፈትልኝ አልኩት። ይሄኛው የኒውትሮን ምንጩ ከተነሳ በኋላ የተቀዳ ባክግራውንድ ነው። ከሞላ ጎደል ባዶ መሆን አለበት። ክሊክ አደረገ። ያው ግራፍ! ያው ጫፍ፣ ያው ቁመት። ጥግ ላይ ያለውን የቆጠራ ድምር አየሁት፤ አንዲት አሃዝ አልተለወጠችም። ለካ ፕሮግራሙ የኔን ፋይል ጨርሶ አያነብም። ውስጡ ያለውን የማሳያ ዳታ ነው እየደጋገመ የሚያወጣው።

ስነግረው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ስልኩን እየነካካ «ወንድሜ፣ ግራፍ ፈለግክ፣ ግራፍ ወጣልህ» አለኝ። ባለቤቱ ደግሞ ከጓዳ «አማካሪህም አይለየው፣ ዝም ብለህ አስገባ» ብሎ ሳቀ። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ምንጭ በሌለበት ክፍል ኒውትሮን ሞልቷል የሚል ጽሁፍ ስሜን አስፍሬበት ላስገባ? የጨረር ነገር እኮ ነው! እንዲህ ያለውን ቁጥር አምኖ ሰው መከለያ ይሠራል፣ ምንጭ አጠገብ ይቆማል። ገንዘቤን መልሱ ስላቸው ግድግዳው ላይ «የተጫነ ሶፍትዌር አይመለስም» የሚለውን ወረቀት በጣት አሳዩኝ።

ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው ሩት የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ ፓይዘንም እንዲሁ። ከኒውትሮን ጋር ተቀላቅሎ የሚቆጠረውን የጋማ ጨረር በጉልበት ገደብ መቁረጥም ሆነ ባክግራውንድ መቀነስ በሁለቱም ይቻላል። የግድ የምትገዙ ከሆነ ግን፣ ብር ከኪሳችሁ ሳይወጣ በፊት የባክግራውንድ ፋይላችሁን ክፈቱልን በሏቸው።