ስኩዊድ ፕሮክሲ ለትንሽ ቢሮ፦ መስመሩን አያሰፋም፣ ያለውን ግን በደንብ ያከፋፍላል

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ባሉ ቢሮዎችና ኮፒ ቤቶች አንድ መስመር ለ8 ወይም ለ10 ኮምፒውተር ይዘረጋል። አንዱ ፊልም ማውረድ ሲጀምር ሌላው ገጽ መክፈት ያቅተዋል። ለዚህ ስኩዊድ ነጻም አስተማማኝም ፕሮግራም ነው፤ ፕሮክሲ ይባላል፣ በኮምፒውተሮቹና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ ጥያቄያቸውን ያስተላልፋል። ችግሩ ብዙ ሰው በተሳሳተ ተስፋ መጫኑ ነው፤ «የታየውን ስለሚያስቀምጥ ኢንተርኔት ያፈጥናል» ይባላል። ዛሬ አብዛኛው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ተመስጥሮ ስለሚመጣ ስኩዊድ ውስጡን አያይም፣ ስለዚህም አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው በተራ ኤችቲቲፒ የሚወርደውን ነው፤ ለምሳሌ የኡቡንቱ ፓኬጆችን። ስኩዊድ የተመሰጠረውን ፈትቶ እንዲያይ የሚያደርገውን ዘዴ አንመክርም፤ የባንክ መተግበሪያዎችን ያበላሻል፣ የሰው ገመናም ይገልጣል።

4 ጊጋባይት ራምና 120 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው አሮጌ ኮር አይ3 ዴስክቶፕ ይበቃል። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ስኩዊድ በአንድ ትእዛዝ ይጫናል። ማሽኑ ራውተሩ በራሱ ከሚያድለው የአድራሻ ክልል ውጪ ቋሚ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይሰጠው፣ 192.168.1.10 እንበል። በየኮምፒውተሩ የፕሮክሲ ማስተካከያ ላይ ይህን አድራሻና ፖርት 3128ን መጻፍ ነው። ፕሪንተሩና ራውተሩ በፕሮክሲው እንዳያልፉ 192.168.1.* የሚለው በማለፊያ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ወዲያው «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) ይመጣል። ኡቡንቱ ላይ በስኩዊድ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ለውስጥ ኔትወርክ የሚፈቅደው መስመር ተዘግቶ ስለሚመጣ ነው። ስኩዊድ ደንቦችን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ በገጠመው ደንብ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ፈቃዱ «ዲናይ ኦል» (ሁሉንም ከልክል) ከሚለው በላይ ካልተጻፈ እንዳልተጻፈ ነው። ከለወጡ በኋላ ሪስታርት ከማድረግ ሪኮንፊገር ማለት፣ ማለትም ሳይቆም ማስተካከያውን እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ ይሻላል፤ ሪስታርት ተጠቃሚዎችን እስከ 30 ሰከንድ ስለሚጠብቅ ብዙ ሰው ተሰናከለ ብሎ መሰኪያውን ይነቅላል።

የስኩዊድ ዋናው ጥቅም ዲሌይ ፑል የሚባለው የፍጥነት መገደቢያ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ሮቶ አለው እንበል። ቧንቧው በሰከንድ 250,000 ባይት ይሞላዋል፣ ሮቶው ደግሞ 3,000,000 ይይዛል። ገጽ የሚከፍተው ሰው ከሞላ ሮቶ ስለሚቀዳ ቶሎ ይደርሰዋል፤ ፊልም የሚያወርደው ሮቶውን ጨርሶ በቧንቧው ፍጥነት ብቻ ይጎተታል። ለዚህ ከዲሌይ ፑል ዓይነቶች ክላስ 2 ይመረጣል፤ ለጋራውም ለየግሉም ልክ ያበጃል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው፦ ቁጥሩ ባይት ነው፣ መስመሩ የሚሸጠው ግን በቢት ነው። የ10 ሜጋቢት መስመር 1,250,000 ባይት እንጂ 10,000,000 አይደለም። በ8 ሳያካፍሉ የጻፉት ገደብ ምንም አይገድብም። ዲሌይ ፑል የሚገድበው የሚወርደውን ብቻ መሆኑንም አይርሱ፤ ትልቅ ፋይል ወደ ኢንተርኔት የሚልክ ሰው አሁንም መስመሩን ሊይዘው ይችላል።

ማሻሻያዎችን በዲስክ ማስቀመጥ ለሚፈልግ የትልቁ ፋይል ልክ ሲተዉት 4 ሜጋባይት ስለሆነ ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ ይደረግ። ይህ ልክ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ የዲስኩን ክምችት ከሚያዘው መስመር በፊት ካልተጻፈ ግን አይሠራም። ለ20 ጊጋባይት ክምችት ማውጫው ብቻ ወደ 280 ሜጋባይት ራም ይበላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ ባዮስ ላይ ይስተካከል። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው መጠባበቂያ) ድንገት ከጠፋ ስኩዊድ የዲስኩን ማውጫ እንደገና መልቀም ስላለበት በቀጣዩ ሲነሳ ይዘገያል። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ባትሪው ማለትም ሲአር 2032 መለወጡ አይከፋም፤ ሰዓቱ ከተዛባ ማን መቼ እንደገባ የሚያሳየው መዝገብ ዋጋ ያጣል።

ሠራተኛው ማስተካከያውን አጥፍቶ በቀጥታ እንዳይወጣ ራውተሩ ላይ ከ192.168.1.10 በቀር ድረ ገጾች የሚያልፉባቸው ፖርት 80ና 443 ለሁሉም ይዘጉ። ስልክ ላይ ግን እንዲህ አያድርጉ፤ ብዙ መተግበሪያዎች የዋይፋይ ፕሮክሲውን አይከተሉም፣ ከነጭራሹ ይቆማሉ። ፋሲል ግቢ አካባቢ ላሉ ማረፊያዎች፣ በተለይ በጥምቀት ሰሞን፣ ለእንግዳ ዋይፋይ ስኩዊድ አይሆንም። የእንግዳውን መረብ ለብቻው አድርጎ ፍጥነቱን ራውተሩ ላይ መወሰን ይሻላል።