ቤት ውስጥ በረዶ የለበሰ ጃምቦ ለምትፈልጉ፦ ወፍራም ብርጭቆ፣ ባለ ጄል ወይስ ብረት?

ካዛንቺስም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ድራፍት ቤት ገብታችሁ ጃምቦው ነጭ ውርጭ ለብሶ ሲመጣ ደስ ይላል አይደል፣ ያንን ቤት ለማድረግ ደግሞ ሱቅ ስትገቡ ሦስት ዓይነት ዕቃ ያሳዩዋችኋል፦ ባለጆሮ ወፍራም ብርጭቆ፣ ግድግዳው መሃል ጄል ያለው ፕላስቲክ እና ድርብ የብረት ማግ። ሻጩ ሦስቱንም "ይሄ ነው አሪፉ" ይላችኋል። እኔ ግን ብርጭቆውን ግዙ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ነጩ ውርጭ ለዓይን ነው እንጂ ቢራውን ቀዝቃዛ የሚያደርገው የዕቃው ክብደት ነው።

ግማሽ ኪሎ ሚመዝን ብርጭቆ በ-18 ዲግሪ ፍሪዘር በደንብ ቀዝቅዞ ከፍሪጅ የወጣ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ሲቀዳበት የቢራውን ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሰዋል። ቀጭኗ የጁስ ብርጭቆ ግን ውርጩን ታሳያችሁና ቅዝቃዜው ላይ ግማሹን ያህል ብቻ ነው ምትሰጣችሁ፣ ከዛ ትሞቃለች። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ማርኩን ሳይሆን ክብደቱን እዩ፣ በእጃችሁ አንሱት፣ ቂጡ ወፍራም ሆኖ አፉ ጋ ወረቀት የሚያክል ከሆነ ተዉት፣ ጆሮው የተጣበቀበትን ቦታ ደግሞ ወደ ብርሃን ይዛችሁ ተመልከቱ፣ ስንጥቅ ከሱ ጋ ነው ሚጀምረው። ጆሮ የሌለውን አልመክርም፣ እጅ ይበርዳል፣ ቢራውም በእጃችሁ ሙቀት ቶሎ ይሞቃል።

አጠቃቀሙ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ብርጭቆው መጥፎ ነው ብሎ ሚያማርረው። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ፍሪዘር የገባ ብርጭቆ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ መጀመሪያ በደንብ ይቀዝቅዝ። ሳሙና ወይ ቅባት ከቀረበት ደግሞ የቢራው አረፋ ወዲያው ይጠፋል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ደረቅ ብርጭቆ አስገብታችሁ ስታወጡት ራሱ ውርጩን ይሰራል፣ ጥርና የካቲት ላይ ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ያኔ ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ ነከር አድርጋችሁ ጠብታውን አራግፋችሁ አስገቡት፣ ብዙ ውሃ ከቀረበት ግን ውርጭ ሳይሆን የበረዶ ቅርፊት ይሆንና ቢራውን ያቀጥነዋል። እና እባካችሁ በንጹህ ፌስታል ጠቅልሉት፣ ፍሪዘር ውስጥ ስጋ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ምናምን አለ፣ ውርጩ ሽታውን ይይዘዋል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ሚል ጊዮርጊስ ማን ይፈልጋል! ሌላው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቢራ እዚህ ቶሎ ያረፋል፣ ውርጩ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ ብርጭቆውን አዘንብላችሁ በጎኑ ቀስ እያላችሁ ቅዱ፣ አለበለዚያ ግማሹ አረፋ ነው።

ወደ ጄሉ ስንመጣ፣ እውነቱን ለመናገር ቅዝቃዜ በማቆየት ከብርጭቆው ይበልጣል፣ ጄሉ እየቀለጠ ሙቀቱን ስለሚውጥ ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ሰው ወይ በረንዳ ላይ ፀሐይ ለሚመታው ጥሩ ነው፣ ለልጆች ጁስም ይሆናል፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ግን ለሰዓታት ፍሪዘር ውስጥ መቆየት አለበት፣ ጄሉ ሙሉ በሙሉ በረዶ ካልሆነ ተራ ፕላስቲክ ማለት ነው፣ ባለ አንድ በር ትንሿ ፍሪጅ ያለቻችሁ ሰዎች ያቺ የላይኛዋ በረዶ ቤት ብዙ ጊዜ አትበቃውም። ሙቅ ውሃ አይወድም፣ ይጫጫራል፣ ጄሉ መውጣት ከጀመረ መጣል ነው። በዛ ላይ ከብርጭቆ ይወደዳል፣ "ለጤናችን" ስትሉ ደግሞ ድምፁ ጠፍ ነው ሚለው፣ ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ብረቱን ባጭሩ፣ ድርብ ሆኖ መሃሉ ቫኪዩም (አየር የወጣለት ባዶ ቦታ) ከሆነ ውርጭ ከውጪ አይዝም፣ ቅዝቃዜው ወደ ውጪ እንዳያልፍ ነው የተሰራው! ፍሪዘር ማስገባቱም ትርፉ ትንሽ ነው። ቀዝቃዛ ቢራ ቀድታችሁበት ቀዝቃዛ እንደሆነ ማቆየት ከፈለጋችሁ፣ ላንጋኖ ምናምን ለመሄድ፣ ጎበዝ ዕቃ ነው። ነጠላው ብረት ደግሞ በደቂቃዎች ነጭ ይሆናል፣ በደቂቃዎችም ይጠፋል፣ ከንፈርም ይይዛል።

ፍሪዘር የሌላችሁ ወይ ሰፈራችሁ መብራት ሚያስቸግር ከሆነ ምንም ልዩ ማግ ሳትገዙ ባልዲ፣ የተሰባበረ በረዶና ጨው ይበቃችኋል። ሦስት እጅ በረዶ ላይ አንድ እጅ ጨው ቀላቅሉ፣ በደንብ ከተሰራ እስከ -20 ድረስ ይወርዳል፣ ብርጭቆው ጨው እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላችሁ ቅበሩት። ወፍራም ከሆነ ግን ከክፍሉ ሙቀት በቀጥታ አታስገቡት፣ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይቆይ። ጠርሙሱን እዛው ከተዋችሁት ግን አትርሱት፣ ተራ ላገር (የተለመደው ነጣ ያለ ቢራ) ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ በረዶ መሆን ይጀምራል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል።

ጥቁር ቢራ ለምትወዱ ይሄን ሁሉ ተዉት፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይደበቃል፣ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ትንሽ አቆይታችሁ ጠጡ። ለሌሎቻችሁ፣ ብርጭቆው አንዴ ከተቀዳበት በኋላ ለሁለተኛው ቢራ ውርጭ የለውም፣ ስለዚህ በሰው ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ግዙ፣ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ደግሞ የፍሪዘራችሁን መሳቢያ ከፍታ በሜትር ለኩ፣ ጃምቦ ቆሞ ካልገባ በጎኑ መተኛት አለበት፣ ጆሮው ደግሞ ቦታ ይበላል።