ለባሕር ዳር ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፦ እግዜር ይስጥልን

ባሕር ዳር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ዛሬ በአደባባይ የማመሰግናቸው ሰዎች አሉኝ። የከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ናቸው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ውሰት ክፍል ገብታችሁ ጋሼን፣ ወይም አብራቸው የምትሠራውን ወጣት ብትጠይቁ ግን ማንም ያሳያችኋል።

አብዛኞቻችን ቤተ መጻሕፍት የምናውቀው ለፈተና ስንዘጋጅ ነው። ደብተራችንን ይዘን እንገባለን፣ ወንበር እንይዛለን፣ አጥንተን እንወጣለን። ሠራተኞቹን ከሰላምታ አልፈን አናወራቸውም። ሙያቸው ግን መጽሐፍ ማቀበል ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ለማን ምን ቢነበብ፣ ምን ቢታይ፣ ምን ቢደመጥ እንደሚስማማ ያውቃሉ። የሚያውቁት ደግሞ ጠይቀው ነው።

እኔ የሄድኩት ለአባቴ ብዬ ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ ኖሮ ዓይኑ ሲደክምበት ቤቱ ጠበበው። "ፊደሉ ተለቅ ያለ መጽሐፍ ይኖራችኋል?" ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ወደ መደርደሪያው አልሄዱም። ወንበር ሰጡኝና "የት አገር ሰው ናቸው? ድሮ ምን ያነቡ ነበር? ቀን ቀን ብቻቸውን ነው የሚውሉት?" አሉኝ። የቡሬ ሰው ነው አልኳቸው። ፊታቸው በራ። "እንግዲያው ዓይናቸውን አናድክም። ወጋየሁ ያንብብላቸው" አሉ።

"ፍቅር እስከ መቃብር"ን ማለታቸው ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተርኮታል፤ ትረካው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። አባዬ መጽሐፉን ድሮ አንብቦታል። እኔም "ያነበበውን ደግሞ ምን ያደርግለታል?" ብዬ ነበር። ጋሼ "ያነበቡት ነው የሚጥማቸው፤ አዲስ ነገር በጆሮ መከተል መጀመሪያ ላይ ይከብዳል" አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ማንኩሳ ነው። ለቡሬ ሰው ማንኩሳ ጎረቤት ነው። ስፒከሩን አጠገቡ አስቀምጬ ከፈትኩለት። የማንኩሳ ስም ሲጠራ አባዬ እጁን አነሳና "ቆይ፣ አቁሚው" አለኝ። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር በዚያ ያለፈበትን መንገድ፣ ያረፉበትን ቤት፣ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀር ነገረን። እኔ ልጁ ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነው። ሲጨርስ "በይ ቀጥይ" አለ። አሁን ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የትረካ ሰዓት ሆኗል። የልጅ ልጆቹም እየመጡ ሥሩ ይቀመጣሉ።

ወጣቷ ደግሞ ለአሠራሩ የምትሆን ምክር ሰጠችኝ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሺ ክፍሎቹን ሁሉ ቀድመሽ አውርጂ፣ ስፒከሩንም መብራት ባለ ጊዜ ቻርጅ አድርጊ አለችኝ። ኔትወርኩም መብራቱም እንዴት እንደሆነ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ይህን ባትነግረኝ አባዬ በየመሃሉ እየተቋረጠበት ይተወው ነበር።

ለትልቋ ልጄ የመረጠችላትንም ልንገራችሁ። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት። መጀመሪያ የወሰደችውን ወፍራም ልብ ወለድ ጀምራ ተወችው። ይህን ስነግራት ቅር አላላትም። "የት ላይ ተወችው?" ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ላይ ከሆነ ቋንቋው ነው፣ መሃል ላይ ከሆነ ታሪኩ ነው የሚያደክማት አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ማንም አልጠየቀኝም። የእኛዋ መሃል ላይ ነበረች። ስለዚህ አጠር ያለ፣ ጉዞ ያለበት ታሪክ አወጣችላት። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ጦቢያ" ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው። አንዲት ልጅ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ደራሲው የተወለደው ዘጌ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ "እዚህ ማዶ?" አለች፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ከእጇ አላወረደችም። ቋንቋው የድሮ ነውና የመጀመሪያዎቹን ገጾች አብራችኋት አንብቡ የተባልነውም ጠቅሞናል።

ለትንሹ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ጠቆመችን። ቀጭኔዋን ፀሐይን ሲያይ አብሯት ፊደል ይቆጥራል። ለእኔና ለባለቤቴ ደግሞ የኃይሌ ገሪማን "ጤዛ" መረጠችልን። ጀርመን ሕክምና ተምሮ ወደ መንደሩ ስለሚመለስ ሰው የሚተርክ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። "ግን ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን፣ የሚከብድ ትዕይንት አለው" ብላ አስጠነቀቀችን። ፊልሙን አይተን ሲያልቅ ቶሎ መተኛት አልቻልንም፤ ስለ አባቶቻችን ዘመን ስናወራ አመሸን። ማታ ሥራ ይዤ ስቀመጥ የምሰማው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖም የእሷው ጥቆማ ነው።

ይህን ሁሉ የሚጽፉላችሁ በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ነው። የሚነበብ፣ የሚታይ፣ የሚደመጥ ተብሎ ሦስት መስመር ይሰመርባታል። ከታች በጋሼ ጽሕፈት "ካልተስማማዎት ተመልሰው ይንገሩን" የሚል አለ። ከልባቸው ነው። የእኛዋ ካርድ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፋለች።

ስትሄዱ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ሰውየው ንገሯቸው። ዕድሜውን፣ አገሩን፣ ዓይኑንና ጆሮውን፣ መቼ መቼ ነፃ እንደሚሆን። ለውሰት እኔን የጠየቁኝ መታወቂያና ማስያዣ ነው። ጠዋት ጠዋት ተማሪ ስለሚበዛ ከሰዓት ብትሄዱ ረጋ ብለው ያናግሯችኋል።

ጋሼ፣ እህቴ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አባዬም መርቋችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የልጆች መደርደሪያቸው ሳስቷል። ልጆቻችሁ አድገው የተዋቸው የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ቤታችሁ ካሉ ውሰዱላቸው፤ ገጻቸው ያልተቀደደ ከሆነ በደስታ ይቀበላሉ።